የጓሮው ሜዳ

ሴትየዋ እጅጌው የታጠፈ የወንድ ካፖርት ለብሳለች፤ የማን እንደነበር ደፍሮ የጠየቃት የለም። ልጇን የሚያህለውን የበረዶ ላይ ሆኪ ዕቃ ሻንጣ ማንም ሳያግዛት አውቶቡሱ ላይ ጫነችው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጇ ዳርካ ሩቅ ከተማ ወዳለ የሆኪ አዳሪ ትምህርት ቤት መሄዷ ነው።

«ልጅሽን አሳድጉልኝ ብለሽ ለሰው ሰጠሻት አይደል?» አላት አውቶቡሱ በሚቆምበት ነዳጅ ማደያ በር ላይ ከቆሙት ወንዶች አንዱ።

«አንተስ ያንተን እቤት አስቀምጠህ ምን አስተማርከው? ቢራ መክፈት?»

ጓደኞቹ ሳቁበት። አውቶቡሱ ሲነሳ እሷ አላለቀሰችም።

በማግስቱ እኔ ጎረቤቷ ጓሮዋ ውስጥ የሜዳውን ዙሪያ የሚከብ ሳንቃ ስትቸነክር አየኋት። በየክረምቱ ውኃ እያፈሰሰች፣ ውኃው በብርዱ ሲረጋ ለዳርካ የበረዶ ሜዳ የምትሠራው እዚያ ነው።

«ዘንድሮ ማን ሊጫወትበት ነው?» አልኳት በአጥሩ በኩል።

በከንፈሯ የያዘችውን ሚስማር አወጣች።

«ለገና ትመጣ የለም እንዴ? እንደ እንግዳ ሳሎን ላስቀምጣት ነው?» አለችና መዶሻዋን አነሳች።