ያልታረቀው ሀከር

በቅድሚያ ይታወቅልኝ፤ እኔ የማንንም ስልክ ሰርቄ አላውቅም። መካነ ሰላም ላይ ግን ይህን ብናገር የሚሰማኝ የለም። ገበያ ስወጣ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ስልኳን ከመደቧ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ትከተዋለች። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ «ሀከሩ፣ ኮድ እንዳትጠይቀኝ አደራ» ይለኛል። እስቲ አሁን ይሄ ፍርድ ነው? ጥፋቴ ፊልም መሥራቴ ብቻ ነው።

ወረዳ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ሰው የሚያመጣልኝ የሞተ ሪሞትና ውኃ የገባበት ስልክ ነው። በዚህ ስበሳጭ ኖሬ አንድ ቀን ብድግ አልኩና የሳይበር ወንጀል ፊልም እጽፋለሁ አልኩ። የድርሰት እውቀቱ ከየት መጣ ቢሉኝ፣ ከድሮው የአማርኛ መማሪያ መጽሐፌ። ትልም፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት የሚሉትን ቃላት በትልልቁ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩና ደራሲ ሆንኩ። አቤት ድፍረት!

እውነቱን ካወራን ግን ፊልሙን የጻፍኩት ፎቶ ቤት የምትሠራዋ ልጅ እንድትቀርጸው ነው። ካሜራውንም ቅንብሩንም የምታውቅ እሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በላይ ስንዋደድ ቆይተን፣ ፊልሙ በታየ በሳምንቱ ለአባቷ ሽማግሌ ልልክ ተስማምተናል። አባቷ ቃላቸው አጭር፣ ዱላቸው ረጅም፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ሥራዬን በዓይናቸው ካዩ ልጃቸውን እየመረቁ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ በሉኝ።

በእኛ ከተማ ፊልም ውስጥ ያለ ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አክተሩ አለ፣ ቦሱ አለ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሞተው የአክተሩ ጓደኛ አለ። አክተሩ አይሞትም፤ ጥይት ራሱ አይቶት ዞር ይላል። እኔ ግን የሰበሰብኳቸውን ተዋንያን አስቀምጬ፣ ክፉው ሰው ክፉ ብቻ እንዳይደለ፣ ውስብስብ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ለሁለት ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ አንዱ እጁን አወጣና «እሺ፣ አክተሩ ማነው?» አለ።

አክተሩ መርማሪ ፖሊስ ነበር። እሱን ሆኖ የተወነው ከአረብ አገር ተመላሽ የሆነ፣ እዚያ ሾፌር የነበረ ጓደኛዬ ነው። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። «ኮምፒውተሩ አይታይህም እኮ» ብለው፣ «አክተር ያለ መነጽር አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ አፌን አዘጋኝ።

ችግሩ ሀከሩ ላይ መጣ። ሌባ የሚሆን ሰው ጠፋ። አንዱ «እናቴ ትረግመኛለች» አለ። ሌላው «እኔ ሱቅ አለኝ፣ ደንበኛ ይሸሸኛል» አለ። ሦስተኛው እሺ አለና «ግን ከጎረቤት ወረዳ፣ ከከላላ የመጣ ነው ተብሎ ይነገርልኝ» ሲል፣ የከላላው ልጅ መነጽረኛው ከወንበሩ ተነሳ። እነሱን ስገላግል ዋልኩ። በመጨረሻ ንዴቴ መጣና «ተዉት! ሌባው እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ይህችን ቃል ከተማው እስካሁን አልረሳልኝም።

በፊልሙ የምትበደለዋን እናት የሆኑልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው አረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ዓርብ ዓርብ ትደውልላቸው ነበር፤ ከዚያ አንዳንድ ዓርብ መቅረት ጀመረች። የቀረች ዕለት ስልካቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። «እስቲ እየው፣ ተበላሽቶ ይሆን?» ይሉኛል። እኔም ከፍቼ አየዋለሁ። ስልኩ ሁልጊዜ ደህና ነው።

ትልሜ ቀላል ነበር። ሀከሩ ልጃቸውን መስሎ መልእክት ይልካል፤ እሳቸው ኮዱን ይሰጡታል፤ እሱ ልጃቸው የምትደውልበትን መስመር ይዘጋባቸዋል። ቢደውሉ ቢደውሉ ልጅ የለችም። «ለምንድን ነው የሚዘጋብኝ? ምን አደረግሁት?» ብለው ጠየቁኝ። «ሥርዓቱን ለመቆጣጠር ነው» አልኳቸው። «የእኔን?» አሉና እስኪጠግቡ ሳቁ።

በቀረጻውም ዕለት መሳቃቸውን አልተዉም። በዚያ በጠራራ ፀሐይ ኮፍያ ያለው ወፍራም ጃኬት ለብሼ ሲያዩኝ አራት ጊዜ አበላሹብኝ። በአምስተኛው ተናደድኩና «እማማ፣ በቃ ልጅዎ አላነሳችም ይበሉ! ዓርብ ነው፣ አልደወለችም!» አልኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩት። ከዚያ እኔ ያልጻፍኩትን ተናገሩ፤ «ልጄ፣ ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ።» አለቀሱ።

እኔ ከብቱ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ጡዘት ማለት ይሄ ነው!» ብዬ አጨበጨብኩ። ከዚያም የሀከሩን ሳቅ ቀድቼ ልክ ከለቅሷቸው ቀጥሎ አስገባሁት። ካሜራ ያዧ ልጅ «ይሄን ሳቅ አውጣው፣ ደስ አይልም» ብላኝ ነበር። ጥበብ አይገባሽም አልኳት። መጨረሻውንም ዘመናዊ አደረግሁት፤ ሀከሩ ፈገግ ብሎ ያመልጣል፣ ፖሊሱ ባዶ ቤት ይደርሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው።

ፊልሙ የታየው በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ነው። ሰው ጤፉን ሸጦ፣ በቅሎውን ደጅ አስሮ ገባ። የልጅቷ አባት ከፊት ተቀመጡ። መጀመሪያው ጥሩ ሄደ፤ መነጽረኛው በአንድ ጣቱ ኮምፒውተር ሲቀጠቅጥ ሕዝቡ አጨበጨበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስክሪኑ ላይ የሚወርድ አረንጓዴ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገኝ፣ ቢሮ ያገኘሁትን የማዳበሪያ ተቀባዮች ዝርዝር ቀለሙን ቀይሬ ነበር የተጠቀምኩት። ማን ያነበዋል ብዬ! አንድ ገበሬ ከመሃል ተነስተው «ቆይ ቆይ፣ መልሰው! ስሜን አላየሁትም!» አሉ። ሌላውም ተነሳ። «የእኛ ጎጥ ወዴት ሄደ?» ተባለ። ዝርዝሩ የአምና ነው ብዬ ሦስቴ ምዬ አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ ለቅሶው መጣ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በዚያ ጸጥታ ላይ የእኔ ሳቅ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ተለቀቀ።

«አፈር ብላ!» አለች አንዷ። የበቆሎ ቆረቆንዳ መጥቶ ስክሪኑ ላይ ያለውን ግንባሬን መታው።

ፊልሙ አለቀ፣ መብራት በራ፤ ማንም ግን አልተነሳም። አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙና «እናስ?» አሉኝ።

«እና ምን፣ አባቴ?»

«እንዴት ሆኑ?»

«አለቀ እኮ።»

«ሳይታረቁ?»

ደሜ ፈላ። «ፊልም ነው እኮ አባቴ! ፊልም!» አልኩ።

«ይሁን ፊልም፣» አሉ፤ «ፊልሙ ያለበት አገር ሽማግሌ የለውም?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለእኔ ያልተጨበጨበው ሁሉ ለሳቸው ተጨበጨበ። ፊት ለፊት የተቀመጡትን የልጅቷን አባት አየሁ። አላጨበጨቡም፤ እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። እንደ ወጉ አባት በመጀመሪያው ቀን «መክረን እንነግራችኋለን» ብሎ መሸኘት ነበረበት። እሳቸው ግን «ልጁ ሠራተኛ ነው፣ አልጠላውም። ነገር ግን በዳይ ነው፤ ገና አልታረቀም» አሉ። የላክኋቸው ሰዎች ፊልም መሆኑን ሊያስረዱ ሞከሩ። «ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። ሴትዮዋ ግን ያለቀሰችው የእውነቷን ነው። እሱ ያን እየሰማ ሳቁን ከኋላ ቀጠለበት። እሷ ይቅር ካላለችው ልጄን አልሰጥም» ብለው ሸኟቸው።

ሽማግሌዎቼ ተመልሰው ይህን ሲነግሩኝ በሰውየው የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። ሦስቱም «ልክ ናቸው» አሉኝ። የማን ሽማግሌዎች እንደሆኑ ግራ ገባኝ! ወደ ፎቶ ቤት ሮጥኩ፣ እሷ እንኳ ታዝንልኛለች ብዬ። «ሳቁን አውጣው ብዬህ ነበር» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ልጅቷን በአንድ ሳቅ ላጣት ነው።

በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ተበዳይ ይቅር እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። እኔም ሽማግሌዎቹ በቆረጡልኝ የእርቅ ቀን ድንጋዬን ይዤ ጎረቤቴ ግቢ ደረስኩ። ባለ ጥምጣሙ ሽማግሌ ድንጋዩን አገላብጠው አዩና «ይቺን ለወፍ ነው ያመጣሃት?» አሉኝ። ተመልሼ ሌላ አመጣሁ። ማንም ያልጠራው መነጽረኛው ደግሞ ተከትሎኝ ገብቶ፣ አጠገቤ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «ምን ትሠራለህ?» ብለው፣ «ያዝኩህ እኮ» አለኝ።

እማማ ከቤት ወጥተው ሲያዩኝ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ። «ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ወገብህ ይቆረጣል፣ አውርደው!» አሉ።

«አይወርድም፣» አሉ ሽማግሌው፤ «መጀመሪያ አፉ በይው።»

«አፉ በሉኝ፣ እማማ፤ ይቅር በሉኝ» አልኩ ከጎነበስኩበት። የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ድንጋዩ አንገቴን አስረዘመው።

«አፉ ልለው እወድ ነበር፣» አሉ ቆይተው፤ «ግን በፊልሙ ልጄን የትም ጥሏት ነው የሄደ። ሰው በመንገድ ሲያገኘኝ ‹ልጅሽ ደወለች?› ይለኛል። አንዳንዱ የፊልሟን ይሁን የእውነቷን አላውቅም። ሁለቱም አልደወሉም ልበል? በፊልም እንደወሰድካት በፊልም አምጣልኝ።»

«ፍርድ ማለት ይሄ ነው!» አሉ ሽማግሌው። ሌሎቹም «አብሽሪ፣ ትመጣለች» አሏቸው። ድንጋዩ ከእኔ ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም ትዝ አላለውም።

መናኸሪያ ላይ ቀረጽነው፤ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ሲገባ። ልጅ ሆና የምትመጣዋ ያቺው የፎቶ ቤቷ ናት። ጥቁር አባያ ለበሰች፣ የመነጽረኛውን ትልቅ ሻንጣ ያዘች፣ ከአውቶቡሱ ኋላ በር ገብታ ተሳፋሪ መሰለች። በእሷ ፋንታ በስልኬ የምቀርጸው እኔ ነኝ። አባቷ ዱላቸውን ተደግፈው ከጎን ቆመዋል። ትዕዛዜ አጭር ነበር፤ ትወርዳለች፣ «እማ፣ መጣሁ» ትላለች፣ ትታቀፋለች፣ እኔ «ካት» ብዬ ቀረጻውን አቆማለሁ።

ወረደች። እኔን ሲያዩ የሚስቁት እማማ ያን ዕለት አልሳቁም። ይሮጣሉ ብዬ ነበር፤ ቀስ ብለው ሄዱ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና «ከስተሻል» አሏት። ልጅቷ «እማ» አለች፤ «መጣሁ» የሚለው አልወጣላትም። እማማ አቀፏት።

ከአውቶቡሱ የወረዱት ሴቶች ምን ያውቃሉ፣ እልል አሉ። ደሴ ደሴ እያለ ሲጮህ የነበረው ረዳት ተሳፋሪ መጥራቱን ረሳ። መነጽረኛው መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑን ያን ዕለት ነው ያየሁት። እኔ ካት ማለት ነበረብኝ። ሁለት ወር ሙሉ በሰው ሳቅ ላይ፣ በሰው ለቅሶ ላይ ካት እያልኩ የከረምኩ ሰውዬ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

አባቷ ተጠጉኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን እየጠበቅህ ነው?» አሉኝ።

«ካት ማለት አለብኝ። እሱን ካላልኩ አያበቃም።»

«ታዲያ በል እንጂ።»

«አልቻልኩም፣ አባቴ።»

ሁለቱን ቆመው አዩዋቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ተወው፣ እንዳትል» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሽማግሌዎችህን ማክሰኞ መልሰህ ላካቸው» አሉ።

እማማ ሰምተዋል መሰለኝ በልጅቷ ትከሻ ላይ ቀና ብለው ወደኔ አዩ። ጉንጫቸው ርሷል።

«አፉ ብየሃለሁ፣ ልጄ፣» አሉ፤ «ትንሽ ግን ቆዩልኝ። ገና አልጠገብኳትም።»