ተከፍሏል

ስለ ወጣቶች ብዙ እናውቃለን የሚሉ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ኖሬአለሁ። አብዛኞቹ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጠው ሻይ ጠጥተው አያውቁም። እነዚህ ሁለቱ የሚለዩት ራሳቸው ወጣቶች በመሆናቸው ነበር። ያም አልረዳቸውም።

አንደኛዋ እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች፣ በሥራ ቀን ለአንድ ባንክ የስልክ አፕ የምትነድፍ ልጅ ናት። ሁለተኛው ሎረንስቪል ያደገ ጓደኛዋ ነው፤ ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው። እዚህ ከተማ የሚቆላ ቡናን ለወጣቶች የሚያስተዋውቅ አፕ እየሠሩ ነበር። ገንዘብ የሚያወጡላቸው ሰዎችም አግኝተዋል። አፑን በአንዲት ካፌ ለአንድ ወር ይሞክሩታል፤ ወጣት ደንበኛ መኖሩ በቁጥር ከታየ ካፌዋ የአፑ የፊት ገጽ ትሆናለች። የምሠራበት ጋዜጣ ስለዚህ ነገር አንድ ገጽ ስለፈለገ ወሩን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበርኩ።

ካፌዋ ከፓይን ሌክ ብዙ ሳትርቅ፣ በልብስ ማጠቢያና በጎማ ቤት መካከል ናት። ባለቤቷ በስደተኝነት የመጣች፣ ለዓመታት ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ያንን ትታ ከጓዳው ማሽን አስገብታ ቡና መቁላት ጀመረች። ደንበኞቿ ግን እያረጁ ነው፤ ቤት የገዙትም ወደ ሩቅ ሰፈር ሄደዋል። አፑ ሰው ካላመጣላት ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት።

«ኤርፖርት እመለሳለኋ» አለችኝ። «ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ጉልበቴ ግን ያንን የአውሮፕላን ደረጃ ድጋሚ የሚወጣ አይመስለኝም።»

የመጀመሪያው ቀን ገለጻ ተደረገልን። የአፑ ምልክት ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ጀበና ነው። ጀበና ጆሮ አለው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት የትኞቹን ወጣቶች እንዳነጋገሩ ነው።

«ሰርቬይ አድርገናል» አለች ልጅቷ። «የእኛ ጀነሬሽን፣ ላይክ፣ የሐበሻ ቡናን የሽማግሌ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ቫይብ የለውም። ወጣቶች እንደዚህ ዓይነት ቦታ አይመጡም።»

ሰርቬዩን የሞሉት የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንድትደግምልኝ ለመንኳት፤ ከጀርባዋ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ወጣቶች እየተንጫጩ አላሰማ ስላሉኝ ነው።

ያ ጠረጴዛ የአንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ስድሳን ያለፉ፣ ኢስት ፖይንት የሚኖሩና የኤርፖርት መንገደኛ አውቶቡስ የሚነዱ ሰው ናቸው። ቅዳሜ የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ ከተማውን አቋርጠው ይመጣሉ። እሳቸው ካሉ የእህታቸው ልጆች ይመጣሉ፤ የእህታቸው ልጆች ካሉ ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። ነርስነት የምትማር አለች፣ የጭነት መኪና መንዳት የሚማር አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልምምድ በቀጥታ የሚመጡ አሉ። ተቀምጠው በእግር ኳስ ይጣላሉ፣ ጋሼን ያበሽቃሉ፣ ጋሼም ያበሽቋቸዋል። ሊሄድ የተነሳ ሁሉ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ሲል ባለቤቷ ቀና ሳትል «ተከፍሏል» ትላለች።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ተማሪው ካርዱን ደብቆ ሊያቀብል ሲሞክር ጋሼ ያዙት።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንተ ልትከፍል? አስገባ! መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ሎን ከፍለህ ጨርስ፣ ከዚያ እኔ ላይ ትመጣለህ።»

«ጋሼ፣ አንድ ማኪያቶ እኮ ነው።»

«አንድ ማኪያቶ መክፈል የጀመረ ሰው ነገ ሽማግሌ ላኩልኝ ይላል። ተቀመጥ።»

አሁን የአፑን አሠራር ልንገራችሁ። ባንኮኒው ላይ ስልክ የሚያነበው፣ ኪውአር ኮድ የሚሉት ምልክት የታተመበት ካርቶን ቆሟል። የሚከፍለው ሰው ስልኩን ወደዚያ ያነጣጥራል፤ አፑም ስንት ስኒ እንደተከፈለና የከፋዩን ስምና ዕድሜ ይመዘግባል። ባለቤቷ ደንበኞቿን ሁሉ እንዲያወርዱት ለምናለች። ጋሼም የእህታቸው ልጅ ስልካቸው ላይ ጫነላቸው፤ በከፈሉ ቁጥር በታዛዥነት ያነጣጥራሉ። ምን እንደሚከተል ለማወቅ ባንክ ውስጥ መሥራት አያስፈልግም። ሁለቱ ነዳፊዎች ግን ወሩን ሙሉ ከጠረጴዛው ጥግ ላይ ላፕቶፕ ከፍተው፣ ዙሪያቸውን አንዴም ሳያዩ ሠሩ።

ወሩ አለቀና ውጤቱ በግራፍ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ታየ። የሃያዎቹ ዕድሜ መስመር መሬት ላይ ተኝቷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ግንብ የሚያክል ነገር ቆሟል።

«ይሄ፣ ላይክ፣ አንድ ፓወር ዩዘር ነው፣ ኃይለኛ ተጠቃሚ» አለ ኮድ ጻፊው። «በየቅዳሜው ለማመን የሚያስቸግር መጠን ይጠጣል። ዕድሜው ስልሳ ምናምን ነው። ወጣት ግን ዜሮ ነው።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ ልብዎ ደህና ነው?» አለች የነርስ ተማሪዋ።

«ደሜን ብትለኪው ማኪያቶ ነው የሚወጣው» አሉ ጋሼ።

ያልሳቀችው ባለቤቷ ነበረች። ዜሮ የምትለዋን ቃል ሰምታ ጨርቁን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ነዳፊዎቹም አልሳቁም፤ ምን እንደሚያስቅ አልገባቸውም። እዚያው ፊታቸው ተቀምጠው በሚስቁ ወጣቶች ፊት ወጣት የለም ብለው ሲያዝኑ ማየት ለእኔ እንኳ አዲስ ነበር። ብዙ ባለሥልጣን አይቻለሁ።

«አንቺ ወሩን ሙሉ እዚህ ነበርሽ» አልኳት ልጅቷን። «እስቲ ራስሽን ፈልጊ።»

ላፕቶፑ ላይ ስሟን ጻፈች። ጠበቀች። ድጋሚ ጻፈች።

«የለሁም።»

«ቡና አልጠጣሽም?»

«ሁልጊዜ ጠጥቻለሁ። ግን... ልከፍል ስል ተከፍሏል ይሉኛል።»

ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ጓደኛዋ ግን ቶሎ ደረሰላት፤ «ያ ኤጅ ኬዝ ነው» አለ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። ከስንት አንዴ የሚያጋጥም፣ ከሒሳብ ውጪ የሚደረግ ነገር ማለት ነው አለኝ። እዚያች ካፌ ውስጥ ወሩን ሙሉ ከዚያ ሌላ ነገር አልተፈጸመም።

ስህተቱን አመኑ እንዳልል አላመኑም፤ ሰዎቹን ማረም ይሻላል ብለው ወሰኑ። ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ጠየቁ። በየጠረጴዛው ላይ ያው ኪውአር ምልክት ተለጠፈ፦ እያንዳንዱ ሰው ተቀምጦ በራሱ ስልክ ያዛል፣ ስኒው ሳይመጣ በራሱ ስልክ ይከፍላል።

«ግድ ነው?» አለች ባለቤቷ።

«ሪኳየርመንት ነው። ኢንቨስተሮቹ ሰው በሰው ነው የሚቆጥሩት።»

እኔን አየችኝ። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ምክር አልሰጥም። «እሺ» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጣቶቹ መጥተው እንደታዘዙት አዘዙ። ጋሼ ስልኩ ላይ ማዘዝ አስቸገራቸው። የነርስ ተማሪዋ አዝናላቸው የእሳቸውን ከራሷ ጋር አዘዘች። በደግነት ነው ያደረገችው። ቡናው መጣ። ጋሼ ኪሳቸውን እየዳበሱ ወደ ባንኮኒው ሄዱ።

«ተከፍሏል» አለቻቸው ባለቤቷ፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

«የልጆቹ?»

«የእርስዎም።»

ተመልሰው መጡ። አልተቀመጡም።

«አንቺ ነሽ?»

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ...»

«ተባረኪ የኔ ልጅ። ጎበዝ።»

ቡናውን ቆመው ጠጡት። ሥራ አለብኝ ብለው ወጡ። የእረፍት ቀናቸው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየስልኩ አጎነበሰ። እያንዳንዱ ስልኩን ሲያይ አፑ «እንኳን ደስ አለህ» እያለ ከላይ ወደ ታች የቡና ፍሬ ያዘንብለት ነበር፤ ለሴቶቹም «አለህ» ነው የሚለው። በቁጥር ከታየ አፑ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ የቀናው ቀን አልነበረም።

በተከታዩ ቅዳሜ ጋሼ አልመጡም። የጭነት መኪና ተማሪው በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ የሉም?» አለ፤ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ሄደ። የእህታቸው ልጅ መኪናውን ውጪ ፓርክ አድርጎ፣ በመስታወት አይቶ፣ ሳይወርድ ተመለሰ። ሌላ ማንም አልመጣም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነዳፊዎቹ የደረሱት በዚህ መሃል ነው፣ እየሮጡ።

«ተመርጠሻል!» አለች ልጅቷ። «ያለፈው ሳምንት ቁጥር፣ ላይክ፣ ኢንሴን ነው። ወጣት በወጣት!»

ባለቤቷ ቢላዋ ይዛ መጣችና የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ምልክት መፋቅ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጠረጴዛዬን እያጸዳሁ።»

«ሊተራሊ ተመርጠሻል እኮ! ይሄን ካነሳሽው ግን ካንስል ይሆናል።»

«ተመርጬ ማን ይምጣልኝ?»

«ዩዘሮች።»

«እነሱን እዚያው ስልክሽ ውስጥ አጠጫቸው» አለችና ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሄደች።

አፑ በኋላ መሃል ከተማ ባለ ሌላ ካፌ ስም ተከፈተ። ሄጄ አየሁት። ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያደረጉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ተቀምጦ ለብቻው ይከፍላል። ለአፑ ከዚህ የተሻለ አገር የለም። ቡናው የት እንደተቆላ አስተናጋጁን ስጠይቀው «አፑ ላይ አለ» አለኝ። አፑ ላይ አልነበረም።

ጽሑፌ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ደወለችልኝ። ነጌቲቭ ነው አለች። የትኛው እውነታ እንደተሳሳተ ጠየቅኳት።

«ፋክቱ ልክ ነው። ቶኑ ነው፣ አነጋገሩ።»

ጋዜጣችን የእርምት ዓምድ አለው፤ ቶን ግን አያርምም አልኳት።

ባለቤቷ ለጋሼ ራሷ ደውላለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ስለዚህ አልጽፍም። ጋሼ ግን ተመልሰዋል፣ ልጆቹም ተመልሰዋል፣ ቅዳሜ ሙሉ ነው። የአንድ ቅዳሜ ገበያ ደግሞ የሳምንት ኪራይ አይሸፍንም። ካፌዋ አሁን በሥራ ቀን የምትከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ባለቤቷ አውሮፕላን ታጸዳለች። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ደርሼ ስጠብቃት ከመኪናዋ ወረደች፤ የኤርፖርቱን ቢጫ ሰደርያ እንደለበሰች ነው። ገብታ የመቁያ ማሽኑን አስነሳች፣ ከዚያ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።