አንቱ የተባለው ውሻ

በነቀምቴ የባኬ ጃማ ሰፈር ሥጋ ሻጭ ሽብሩ፣ ውሻ ሊመጣለት መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ከሱቁ ጓሮ ቆዳ የሚሰጣበት አጥር አለ፤ ጅብም የመንደር ውሻም ሲመላለስበት ያድራል። ስለዚህ የሚሲዮኑ ፈረንጅ ነርስ ሲስተር ኢንግሪድ፣ "አገሬ ልመለስ ነው፤ ውሻዬን ለእርስዎ ልተውልዎት፣ ሥጋ ቤት ከሆነ አይራብም" ስትለው ነገሩ ከሰማይ የወረደ መሰለው። ውሻውን አይቶት አያውቅም። የፈረንጅ ውሻ ሲባል ግን አንድ ጊዜ አምቦ ላይ ያየው፣ ጥጃ የሚያህል ጥቁር ውሻ ትዝ አለው። ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ሰንሰለት አሠራ። በወፍራም ሳንቃ ቤት አሠራለት። ጎረቤቱን ልብስ ሰፊውን ጉሉማንም፣ "ኦቦ ጉሉማ፣ እንግዲህ ዶሮዎችህን ሰብስብ፤ በኋላ እንዳንቀያየም" ብሎ አስጠነቀቀው።

ሲስተር ኢንግሪድ የመጣችው ቅርጫት አንጠልጥላ ነው። ክዳኑን ስትከፍተው አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሁለት ጥቁር ዓይን፣ አንድ ጥቁር አፍንጫ፣ የቀረው ጠጉር ነው። ሽብሩ ከነርሷ ጀርባ አሻግሮ መንገዱን አየ።

"ትልቁስ የታለ?"

"ትልቅ የለም። ይኸው ነው።"

ጉሉማ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ መጣና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቅርጫቱን አየ። "ኩን ሰሬ ሚቲ" አለ፤ ውሻ አይደለም ማለቱ ነው። "ኦቦ ሽብሩ፣ ይሄ የበግ ግልገል ነው።"

"ግልገልስ ያድጋል" አለች የሽብሩ ሚስት ጸሐይወርቅ።

ነርሷ አለቀሰች፣ ውሻውን ሳመችው፣ የበሰለ እንጂ ጥሬ እንደማይበላ፣ ጠጉሩም በየቀኑ መበጠር እንዳለበት ነግራ፣ ስሙ ሙሴ መሆኑን አስታውቃ ሄደች። ሽብሩ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ቢያስርለት ውሻው በክብደቱ ባለበት ተዘረጋ። በዚያው ቀን ሰንሰለቱ የአጥሩ በር ማሰሪያ ሆነ፤ በሳንቃው ቤት ደግሞ የጉሉማ ዶሮዎች ገቡበት።

ሽብሩ የበሬ ታፋ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ በሌላው እጁ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው። አባቱ ከመርሐቤቴ መጥተው ነው ነቀምቴ የወለዱት፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም አፉን ሞልቶ ነው የሚወጣው። ገበያ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በቅሎ ትደነብራለች። ይህ ሰው አሁን በክረምት ጭቃ፣ እግሩን ማርጠብ የሚጠየፍ ውሻ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ይሄድ ጀመር። ከደረቱ የውሻ ራስ ወጥቶ ሲታይ ገበያተኛው፣ "ኦቦ ሽብሩ፣ መቼ ወለድክ?" ይለዋል።

የባሰው ግን ሥጋው ነበር። ሽብሩ ገበያተኛ ፊት ቁራጭ ይጥልለታል፤ ሙሴ ያሸታል፣ ያነጥሳል፣ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ይህን ያዩ ደንበኞች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"በሬው ታሞ ነበር እንዴ?" አለች አንዲት ሴት።

"ኧረ የትናንት ድንቅ በሬ ነው!"

"ታዲያ ውሻ እንኳ የናቀውን እኔ ለባሌ ላቅርብ?"

ሽብሩ ማለ ተገዘተ፤ ከጭቅናው ቆርጦ ራሱ በጥሬው እየበላ አሳየ። ሴትየዋ ግን እሱን ሳይሆን ውሻውን ነበር የምታየው። ከዚያ ወዲያ ሙሴ በሥራ ሰዓት ከባንኮኒው ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ የሚውል ሆነ። አንድ ቀን ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ደጅ ቢወጣ አሞራ የወደቀ ጮማ መስሎት ተወረወረበት፤ ሽብሩም ድንጋይ ቢያጣ ለደንበኛ የመዘነውን ጉበት በአሞራው ላይ ወረወረ። አሞራው ጉበቱን ቀልቦ ሄደ። ባለ ጉበቱ ሰውዬ ግን አልሄደም፤ ሌላ በሬ እስኪታረድ ቆሞ ጠበቀ።

ቢሆንም ሽብሩ ውሻውን ወደደው። ጓሮ ለሽንት ደርሶ ሲመለስ ከዘመቻ እንደተመለሰ ሰው ውሻው ዘሎ ይቀበለዋል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ እግሩ ላይ ይተኛለታል። ከጸሐይወርቅ ጋር ልጅ አልወለዱም፤ ብዙ ዘመን በዝምታ ራት የበሉ ባልና ሚስት አሁን ስለ ውሻው ጠጉርና ስለ ተጣበቀበት ጭጎጎት ሲከራከሩ ያመሻሉ።

ስሙ ግን ጣጣ አመጣ። መምሬ ተካ ሥጋ ሊገዙ መጥተው ሽብሩ "ሙሴ!" ብሎ ሲጣራ ሰሙና ጃንጥላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"የነቢዩን ስም ለውሻ?"

"መምሬ፣ እኔ አላወጣሁለትም። ነርሷ በአገሯ ቋንቋ አይጥ ማለት ነው ብላኛለች።"

"ጭራሽ ነቢዩን አይጥ ልትለው?"

ጉሉማ የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ ነው፤ ከመምሬ ተካ ጋር በጾምም በጸሎትም ተስማምተው አያውቁም። በዚህ ግን ተስማሙ። ሁለቱ ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ለውሻው ስም ሲያወጡ ዋሉ። "ቡቺ!" አሉ መምሬ። ውሻው አልሰማም። "አዲ!" አለ ጉሉማ በኦሮምኛ፤ ነጭ ማለት ነው። ውሻው አዛጋ። ሽብሩ ቀስ ብሎ በሹክሹክታ "ሙሴ" ሲል ግን ብድግ ብሎ ጭራውን ወዘወዘ። ሁለቱ የሃይማኖት ሰዎች በአንድነት አዝነው ተለያዩ።

በዚህ መሐል ለአውራጃው አዲስ ሹም መጡ፤ ፊታውራሪ ሙሴ ይባላሉ። ሽብሩ ይህን ሲሰማ የያዘውን መጥረቢያ አስቀምጦ ከባንኮኒው ሥር ተመለከተ።

ለጊዜው ተጠነቀቀ፤ ውሻውን በፉጨት ብቻ መጥራት ያዘ። በአንድ የገበያ ቀን ግን ጸሐይወርቅ የባሏን ምሳ፣ ጥሩ ጥብስ፣ አምጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። ሽብሩ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል ውሻው በርጩማ ላይ ወጥቶ ሳህኑን አጸዳው። የተራበ ሰው ጥንቃቄ የለውም። ሽብሩ ያን ድምፁን ለቀቀው፦

"ሙሴ! አንተ ሆዳም! አንተ ሌባ! የድሃውን ጉሮሮ ዘግተህ ልትወፍር ነው የመጣኸው?"

ገበያው ጸጥ አለ። ለካ ፊታውራሪ ሙሴ በበቅሎ ላይ ሆነው፣ አጃቢ አስከትለው፣ በደጁ እያለፉ ነበር። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው፣ "እሰይ! የልባችንን ተናገረልን!" ብሎ ጮኸ። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት እልል አለች። ውሻው በዚያች ሰዓት ከባንኮኒው ሥር ተደብቆ ከንፈሩን ይልስ ነበር፤ ስለዚህ ሽብሩ "ውሻዬን ነው!" ብሎ ሲምል ነገሩ ተባባሰ። ሹሙን ሌባ ማለቱ ሳያንስ ውሻ አላቸው ተባለ። ፖሊስ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ ፊታውራሪ ፊት ቀረበ። ጸሐይወርቅ ውሻውን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ጉሉማና መምሬ ተካ ለምስክርነት ተጠሩ።

"ይህ ውሻ ሙሴ ይባላል?" አሉ ፊታውራሪ፤ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

"ይባላል ጌታዬ" አለ ጉሉማ።

"መምሬስ?"

መምሬ ተካ አፋቸውን ያዙ። "እኔ እንደዚያ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ሲጠራ ግን ሰምቼ አዝኛለሁ።"

"ጥራው" ተባለ ሽብሩ። ሽብሩ ጠራ፤ በፍርሃት ድምፁ ቀጥኖ ስለነበር ውሻው አላወቀውም። ደግሞ ጠራ። ውሻው ከነጠላው ወርዶ የፖሊሱን ቡትስ ያሸት ጀመር።

ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው ውሻውን በትዝብት አዩትና ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ "ሙሴ?" አሉ። ውሻው ጆሮውን አቆመ፤ ቢሮውን አቋርጦ ሄደና ጫማቸው ላይ ተኛ።

ፊታውራሪ እግራቸውን አላነሱም።

"በእውነት ሆዳም ነው?"

"እጅግ በጣም ጌታዬ። የምሳዬን ጥብስ በላብኝ።"

ፊታውራሪ ከጎንበሱበት ቀና አሉ። ከዚያ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ "ስሙ ይኑር፤ የወጣ ስም አይሻርም። ነገር ግን በዚህ ከተማ ሙሴ የሚባል ፍጡር ሲሰደብ፣ ሲዘለፍና ሲዋረድ እንዳልሰማ።"

ሽብሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። ፍርዱን አጥብቆ ያዘው። ለጥንቃቄ ይሻላል ብሎም ውሻውን አንቱ ይለው ጀመር።

"ሙሴ፣ እባክዎ ከበርጩማው ይውረዱ!" ይላል፤ ጥርሱን ነክሶ። "ኧረ ሙሴ፣ ይተዉ እንጂ! የሰው ጫማ ነው የሚያኝኩት!" ጸሐይወርቅም ከባሏ ተማረች። ገበያተኛው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀስ በቀስ ግን ለመደው፤ አንዳንዱም መንገድ ላይ ውሻውን ሲያገኘው ባርኔጣውን ያነሣል።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን ውሻው ታመመ። ምግብ እምቢ አለ፤ ሆዱ ተነፋ፤ ማቃሰት ያዘ። ጸሐይወርቅ በጧት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሴቶች "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" ቢሏት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"ሙሴ ታመዋል። እህል የሚባል አይቀምሱም። ሲያቃስቱ አደሩ።"

ሴቶቹ እንስራቸውን እንደያዙ ደነገጡ። ወሬው ጨለለቂ ሰፈር ሲደርስ ፊታውራሪ አፋቸው ተይዟል ተባለ። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሲደርስ አርፈዋል። ሩቅ ካለችው ከሲሬ ከተማ ከአውቶቡሱ የወረደ ሰው ነገሩን ሲያወራ፣ ጨመዳ የሚባል ገበሬ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ለቀብር እንዳይዘገይ በሚቀጥለው መኪና ተሳፈረ።

የፊታውራሪ ወጥ ቤት ምንትዋብ ሽሮ አቅርባላቸው ወደ ጓዳ ስትመለስ ከአጥሩ ውጭ ለቅሶ ሰማች። ወጥታ ብታይ ሕዝብ ሞልቷል፤ አጥሚት የያዘ፣ ገንፎ የያዘ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

"ጌታሽ!" አሏት።

ምንትዋብ አሁን እንጀራ የጨመረችላቸውን ሰው ሕዝብ ሞቱ ሲላት ሕዝቡን አመነችና ደረቷን እየመታች አብራ ታለቅስ ጀመር።

አልቃሿ አዴ ሎሚ ከፊት ቆማ ሟቹን ታወድሳለች። "ድልድይ የሠሩልን፣ ለደሃ አደግ አባት፣ እጀ ሰፊው" ትላለች። ፊታውራሪ የሽሮ እጃቸውን እንደዘረጉ በረንዳው ላይ ወጡ። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቆመ። መምሬ ተካ አማተቡ።

"የትኛውን ድልድይ ነው የሠራሁት?" አሉ ፊታውራሪ።

"እንጃ ጌታዬ" አለች አዴ ሎሚ። "ለሞተ ሹም የሚባለው ይኸው ነው።"

"ማን ነው ታመሙ ያለው?"

እርስ በርስ ተጠቋቁመው ወሬው በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ከአውቶቡስ መቆሚያው ወደ ጨለለቂ፣ ከጨለለቂ ወደ ውሃ ቀጂዎቹ፣ ከእነሱ ወደ ጸሐይወርቅ። ፊታውራሪ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ በእግራቸውም ወደ ባኬ ጃማ ወረዱ። ሕዝቡም ገንፎውን እንደያዘ ተከተላቸው፤ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም።

ሽብሩን ውሻውን ጭኑ ላይ እንዳስተኛ አገኙት። የሽብሩ ዓይን በልቅሶ ቀልቷል።

"እንዴት ነው?" አሉ ፊታውራሪ።

"ደክመዋል ጌታዬ።"

ጉሉማ ተንበርክኮ በመነጽሩ የውሻውን አፍ እየመረመረ ነበር። "ከምላሱ ሥር አንድ ቢጫ ነገር ይታየኛል" አለ። በጥፍሩ ያዘና ሳብ አደረገው። ጣት የሚያህል ወጣ። ደግሞ ሳበው። ክንድ የሚያህል ወጣ፤ ቁጥርም ታየበት። ፊታውራሪ የውሻውን ራስ ደገፉ፤ ሽብሩ እግሩን ያዘ፤ መምሬ ተካ ሳያስቡት "ቀስ፣ ቀስ" አሉ። በመጨረሻ ሰሞኑን ጠፍቶ የነበረው የልብስ ሰፊው መለኪያ ሜትር እየተንጠባጠበ ሙሉውን ወጣ። "ሜትሬ! ያ ዋቃ!" ብሎ ፈጣሪውን ጠርቶ ጮኸ ጉሉማ። "በሱ ምክንያት ያንን ድሃ ሠራተኛዬን ስንት ቀን ጨቀጨቅሁት!"

ውሻው አስነጠሰ፣ ተነሥቶ ተንገዳገደ፣ ፊት ለፊቱ ያገኘውን የገንፎ ሳህን መብላት ጀመረ።

ለበሽተኛና ለሟች የመጣ ምግብ ወደ ቤት አይመለስም። በሽብሩ ጓሮ፣ ቆዳ በተሰጣበት አጥር ሥር፣ ሳንቃ ተዘርግቶ ሁሉም ተቀመጠ። ሽብሩ ጥብስ ጨመረበት። ፊታውራሪ ኮታቸውን አውልቀው በዶሮዎቹ ቤት ላይ ሰቀሉና ከልብ በሉ። "ነቀምቴ ከመጣሁ" አሉ ወደ ሽብሩ ዘንበል ብለው፣ "ጉዳይ ያለው ካልሆነ በቀር ቤቴን የረገጠ ሰው የለም። ዛሬ ግን አጥሬ ሞላ።" ሽብሩ ጥሩውን ቁራጭ መርጦ አጎረሳቸው።

የሲሬው ጨመዳ ጠግቦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ አጠገቡ የተቀመጡትን ቀጭን ሰው ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው።

"ይቅርታ ኦቦ፣ እኔ ከሩቅ ነው የመጣሁት። ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?"

"ተላልፏል" አሉት ፊታውራሪ። "ይብሉ።"