ልኖርበት የታሰበልኝ ሰፈር

ረቡዕ፣ መነሻ

ከደብረ ማርቆስ የተነሳሁት ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው። ልጄ ሰናይት "መጥተሽ አብረሽኝ ኑሪ" ማለት ከጀመረች ከርማለች። እኔ ደግሞ ዓይኔ ላላየው ነገር እሺም እምቢም አልልም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጬ የሰው ቃል ስመታ ኖሬአለሁ፤ አሳምሮ የሚናገር ሁሉ እውነት እንደማይናገር እዚያ ተምሬአለሁ። ስለዚህ ቤቱንም ሰፈሩንም ሄጄ ልይና መልስ እሰጣለሁ አልኳት።

ሰናይት የምትኖረው መርካቶ አጠገብ፣ አማኑኤል ነው። ይህን ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ጥሩነሽ ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት።

"አማኑኤል? ምነው፣ ጤናሽ አይደለም እንዴ?"

"ሰፈሩን ነው የምልሽ።"

"እኔ እዚያ ያለ አንድ ሆስፒታል ብቻ ነው የማውቀው።"

በእኛ አገር አማኑኤል ከተባለ ሰው የሚያስበው አእምሮው የታወከ የሚታከምበትን ቦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔም አብሬአት ሳቅኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁ ጠፋ። በዚያ ዓመት ቁልፌን ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ሰክቼ ረስቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ደጅ አዳልጦኝ ወድቄ ወገቤን አሞኝ ነበር። ሰናይት ሁለቱንም ሰምታለች። ነይ ነይ ማለቷ የበረታው ከዚያ ወዲህ መሆኑን አሁን ልብ አልኩ።

አውቶቡሱ አስራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ተነሳ። ታሪፉ ሠላሳ ብር ገደማ ነው። ረዳቱ ለሻንጣዬ አምስት ብር ይጨምሩ አለኝ።

"የሻንጣው ታሪፍ የት ተጽፏል?"

"እዚህ ነዋ፣ እማማ" ብሎ ግንባሩን በጣቱ ነካ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሦስት ብር ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። አምስቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ በሦስት አይስማማም ነበር።

ከደጀን በኋላ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው የቴፑን ካሴት ይዟል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰውዬ "ይህን ልጅ ዓባይ ያውቀዋል፣ አትስጉ" አሉኝ። ዓባይ የሚያውቃቸው ብዙ ሰዎች ከታች እንደቀሩ ስለማውቅ የፊቴን ወንበር ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ድልድዩን የሚጠብቁት ወታደሮች አዩን፣ እጃቸውን አወዛወዙ፣ አለፍን። ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ይመታል።

ጎሐ ጽዮን ለምሳ ቆምን። በዓለ ኀምሳ ስለነበር ሁሉም ጥብስ አዘዘ። ሥጋውን አላመንኩትም፤ እንቁላል በላሁ። እንቁላል ውስጥ ሌላ ነገር መደባለቅ አስቸጋሪ ነው። ከፍቼ ወዲያ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ላሞቹ ከእኛዎቹ ይልቅ ሰብተዋል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሐል ቁልቁል ሲታይ ከተማው የሚያበቃበት አይታይም። ጢሱም ቆርቆሮውም አንድ ላይ ነው።

አስር ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ደረስን። ከመውረዴ ወጣቶች ከበቡኝ። "ማዘር፣ ልሸከም?" "ማዘር፣ ወዴት ነው?" ማዘር የሚባል ስም እዚያ ነው ያወጡልኝ፤ አልወደድኩትም። ሻንጣዬን በሁለት እጄ አቅፌ ስሄድ አንዱ ከኋላ "ማዘር፣ ነጠላዎ ወደቀ" አለ። ይህን ዘዴ ሰምቼዋለሁ፤ ዞር ስትይ ሌላው ኪስሽ ይገባል። ሳልዞር ቀጠልኩ። ሰናይት ከበሩ ስታገኘኝ የመጀመሪያ ቃሏ "ነጠላሽ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው" የሚል ነበር። እውነትም ጫፉ ጠቁሯል።

ሐሙስ

ሰናይት ያለችው በአሮጌ የእንጨት ደርብ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል አላት። ደረጃው ሲረገጥ ይጮሃል። ይህን ወደድኩት፤ ማንም ሳይሰማ አይወጣም። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለም። እሷ አንዋር መስጊድ አጠገብ መጋረጃ ትሸጣለች።

ጠዋት ወደ ሱቋ ይዛኝ ሄደች። መንገዱ ላይ መኪና፣ ጋሪ፣ ተሸካሚና ሸማች አንድ መተላለፊያ ይጋፋሉ። ጭድ ተራ ነው ያለችኝ ቦታ ላይ ጭድ ፈልጌ አንድ ዘለላ አላየሁም። ስሙና ዕቃው የማይገናኝ ቦታ ደስ አይለኝም። ገንዘቤን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ እጄን ከላዩ አላነሳሁም።

በርበሬ ልንገዛ እትዬ ዘይነባ ጋ ገባን። ከሰናይት ደርብ ሥር የሚኖሩ፣ መስጊዱ ጀርባ ቅመም የሚነግዱ፣ ሰፋ ያሉ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ እኔ ይጠጋል። የመርካቶ በርበሬ ሸክላ ይደባለቅበታል ሲባል ስለሰማሁ ብርጭቆ ውሃ ጠየቅኩና ቆንጠር አድርጌ በተንኩበት። ሰናይት በሀፍረት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

"ምን ይጠብቃሉ?" አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

"ከታች የሚዘቅጥ ነገር ካለ።"

"ይጠብቁ። እኔም እርስዎን እያየሁ እጠብቃለሁ።"

ሸክላ አልዘቀጠም። ቀመስ አድርጌ "ጨው ግን በዝቶበታል" አልኩ። አልተቆጡም። በርበሬውን እየመዘኑ ጥያቄ አመጡ። ደረጃው አያስቸግርዎትም? ሳል አለብዎት? እንቅልፍስ ደህና ይተኛሉ? ቁርስ ምን በሉ? ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ቅመም ሻጭ አላጋጠመኝም። ሰናይትን አየኋት፤ ዓይኗን ሰበረች።

ስንወጣ "ከሰዓት በኋላ ሰዎች ሊያዩሽ ይመጣሉ" አለችኝ። "ረጋ ብለሽ መልሺላቸው፣ እሺ?"

"ስለ ምን ሊያዩኝ?"

"እንዲሁ ነው እማዬ። ሲመጡ ይነግሩሻል።"

የወይዘሮ ጥሩነሽ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቁልፉን፣ መውደቄን፣ ሆስፒታሉ ከዚህ በእግር የሚደረስ መሆኑን አንድ ላይ አሰብኩት። ያወጣሁትን ቀሚስ አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ መለስኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረጃው ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ከአንዲት ቀጭን ሴት ጋር ገቡ። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ስለ ሳል ተጀመረ። ቀጭኗ ሴት እጄን ሰላም እንዳለችኝ ይዛ ቀረች፤ መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን እያየች ነው።

"ሐኪም ነዎት?" አልኳቸው እትዬ ዘይነባን።

"ኧረ ሐኪምስ አይደለሁም። እኔ ቀባሪ ነኝ።"

ቀጭኗ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሰናይት "እትዬ ዘይነባ የእድራችን ዳኛ ናቸው" አለች ቶሎ ብላ።

ከዚያ እትዬ ዘይነባ ነገሩን አስረዱኝ። የአባል እናት አገር ቤት ከሞተች ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ትንሽ ነገር ይሰጣሉ፣ በዚያ ያበቃል። ከልጇ ጋር የምትኖር ከሆነች ግን ድንኳኑም፣ ሳጥኑም፣ ንፍሮውም የእድሩ ነው። "ሰው የታመመ ወላጁን ከገጠር እያመጣ አብሮኝ ሊኖር ነው ይለናል። ወር ሳይሞላ ድንኳን እንተክላለን። እድሩ ተራቆተ። አሁን አይተን ነው የምንቀበለው።"

"እንደ በሬ።"

"በሬስ ጥርሱ ይቆጠራል። እርስዎን አፍዎን ይክፈቱ መች አልኩ?"

ሆስፒታል አለመሆኑን ስረዳ ትንፋሼ ተመለሰ። ደስታዬ ግን አልቆየም።

"ሰናይት ስልሳ ሁለት ብላናለች" አለች ቀጭኗ ሴት። "ደህና ነዎት፣ አያሰጋም።"

ሰናይት ወለሉን አየች። ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ሐሰተኛ ቃል ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

"ሰባ አንድ ነኝ" አልኩ።

"ዕድሜዋን የምትቀንስ ሴት አውቃለሁ" አለች ቀጭኗ፣ "የምትጨምር ግን ዛሬ አየሁ።"

"አልጨመርኩም።"

እትዬ ዘይነባ መቀለድ አቆሙ። ከሰባ በላይ የሆነ ወላጅ በልጅ ስም አዲስ እንደማይገባ ተናገሩና ተነሱ። ሰናይትን ሳይሰናበቷት ወረዱ።

"ምን ነበረበት ዝም ብትዪ?" አለች ልጄ። "መውደቅሽን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በሰው በሰው። እንደዚያ ዓይነት ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ ብዬ ነው።"

"ዋሽተሽ ብታስገቢኝ እነዚህ ሰዎች ድንኳኔን እየረገሙ ነው የሚተክሉት።"

ተነስታ ገበታውን አቀረበች። እራት በልተን ተኛን።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ልቅሶ ሰማን። ከታችኛው ግቢ አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። ሰናይት ሱቅ ልትከፍት ስትወጣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወረድኩ። ማንም አልጠራኝም። እውነቱን ለመናገር ልቅሶው አልሳበኝም፤ እነዚህ ሰዎች ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ፈልጌ ነው።

ድንኳኑ ጠባቡን መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ሴቶች ለንፍሮ ስንዴ ይለቅማሉ። ካንዷ አጠገብ ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ።

"እርስዎ የማን ነዎት?"

"የሰናይት እናት።"

"እ፣ ያቺ ሰባ አንድ?"

"አዎ፣ ያችው።"

ወሬው ደርሶ ኖሯል። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ሳቁን ወደ ውስጥ ዋጡት። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ዘይነባ ገቡ፣ አዩኝ፣ ያለቀውን ሰፌድ አንስተው የሞላ አስቀመጡልኝ። ጠጠሩ ብዙ ነበር። ሆን ብለው ያመጡልኝ ይመስለኛል።

ቀትር ላይ መንገዱ በዓርብ ሰጋጆች ሞላ፤ ሬሳ ማውጣት አይቻልም። ማንም ቅር አላለውም፤ ጠበቅን። ሶላቱ ሲያልቅ ከእድሩ ወንዶች ሲሰግዱ የነበሩት ምንጣፋቸውን ጠቅልለው መጥተው ሳጥኑ ሥር ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ለሌሎቹ አስረክበው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አስረከቡ፤ አልሄዱም ግን። ቀብሩ እስኪያልቅ ቅጥሩ ሥር ቆመው ቆዩ። አንዱ ሰዓቱን ያያል ብዬ ተከታተልኩ፤ አላየም።

እሑድ

እትዬ ዘይነባ ብቻቸውን መጡ። ደረጃው መሐል ላይ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ። ሳል እንዳለባቸው ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት።

"ተነጋግረናል" አሉኝ። "በሰናይት ስም አይሆንም። ደንብ ደንብ ነው።"

"በሰናይት ስም አልጠየቅኩም። የምገባ ከሆነ በራሴ ስም ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚህ በኋላ አንቺ አሉኝ፤ እኔም አንቺ አልኩ።

"በራስሽ ከሆነ እንደማንኛውም አዲስ አባል ነሽ። ለቅሶ ትደርሻለሽ፣ ስንዴ ትለቅሚያለሽ። እስከ ስድስት ወር ድረስ ግን ምንም አናደርግልሽም።"

"ከዚያ በፊት ብሞትስ?"

"ሰናይት ትቅበርሽ። እኛ መጥተን ንፍሮ እንበላለን።" ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። "ስድስት ወር ሳትሞቺ ቆዪልን። ከዚያ በኋላ እንደ ፍላጎትሽ።"

"እሞክራለሁ" አልኩ።

ሰናይት መጋረጃ እያጠፈች ነበር። ማጠፉን አቁማ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ረቡዕ፣ ወደ ቤት

የመልስ ጉዞው ዝናብ ስለነበረበት የዓባይ ቁልቁለት ላይ ሁለት ጊዜ ቆምን። ደብረ ማርቆስ ስደርስ መሽቷል። ቤቴ እንደተውኩት ነው፤ ምንም አልጠፋም፤ ማንም አልገባበትም። ወይዘሮ ጥሩነሽ መምጣቴን ሰምታ ወጥ በሳህን ይዛ መጣች።

"እሺ፣ ምን አሉሽ?"

"መስቀል ሲያልፍ እገባለሁ።"

ሳህኑን አስቀመጠች። ከዚያ "እዚያ ማን ያውቅሻል?" አለችኝ።

"ማንም። ሁሉም ይጠራጠሩኛል። ደህና ትንፋሽ ይኑረኝ አይኑረኝ፣ እንዳላታልላቸው።"

"እና እንዲህ ያለ ሰው መሐል ልትገቢ?"

ከዚህ ጉዞ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ለእሷም የነገርኳት እሱኑ ነው። ሬሳሽን ሊሸከም ያላሰበ ሰው ስለ ሳልሽ አይጠይቅሽም። አውቶቡስ ተራ ላይ "ማዘር" ያሉኝ ሁሉ ስለ ጤናዬ አንድም ቃል አልጠየቁኝም።

ጥሩነሽ ሳህኑን ትታልኝ ሄደች። በማግስቱ ቤቱን የሚከራይ ሰው ማፈላለግ ጀመርኩ። ሁለት መጥተዋል። የመጀመሪያው ጣሪያውን ሳያይ ተስማማ፤ ሁለተኛው በጣም ትሑት ነው። አንዳቸውንም አላመንኳቸውም። ሦስተኛው ነገ ይመጣል ተብያለሁ።