ጥላ ያረፈበት ክሮቶን

ባለፈው ሰሞን ጀውሃ ከተማ ለምሳ ጎራ ብዬ፣ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ቅጠል ያለው ክሮቶን የሚባል የጌጥ ተክል አየሁ። እጄን ሳልታጠብ ቆሜ ቀረሁ። ቅጠሉን በጣቴ ስዳብሰው እንደ ለፋ ቆዳ ለሰለሰኝ።

የእናቴ ክሮቶን ሸዋ ሮቢት፣ ግቢያችን በር አጠገብ ነበር። ቅርንጫፉን ከጎረቤት ለምና ነው የተከለችው። ለሶላት ስትታጠብ፣ ዉዱእ የምታደርገው እሥሩ ተቀምጣ ስለነበር በጋም ቢሆን ውሃ አጥቶ አያውቅም። አባቴ ሽንኩርት አምራች ነው፤ ይስቅባት ነበር።

«አይበላ፣ አይሸት! ምን ያደርግልሻል?»

«ዓይንም እኮ ይርበዋል» ትላለች እናቴ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ታመመችና ለሕክምና አዲስ አበባ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ስትደውል ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ክሮቶኑ ትጠይቃለች። ያ ሲስቅባት የኖረ ሰው ጭንቅ ያዘው። የሮቢትን ፀሐይ መቼም ታውቃለህ፤ አናት ይበሳል። አባቴ እንጨት ተክሎ፣ የማዳበሪያ ጆንያ በእጁ ሰፍቶ ጥላ ሠራለት። ጠዋት ማታ ያጠጣዋል። ቅጠሉ በዛ፣ ሰፋ፤ ነገር ግን አዲስ የሚወጣው ሁሉ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። አባቴ ደስ አለው። ለገበሬ አረንጓዴ ማለት ጤና ነው።

ከወራት በኋላ ሐኪሞቹ «ቤቷ ትረፍ» ብለው መለሷት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ትከሻዬን ተደግፋ ስትገባ አባቴ ክሮቶኑ አጠገብ ቆሞ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ዓይኗን ያያል። እናቴ ቅጠሉን አይታ ቀጥ አለች። ጣቶቿ ትከሻዬን ጨመቁት። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው።

«ማሻአላህ! እንዴት ቢንከባከቡት ነው እንዲህ የለመለመልኝ?»

አባቴ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ፣ አባቴ ማሳ ሲወርድ፣ ጆንያውን ላንሳው ወይ አልኳት።

«ቀለሙን የሚያወጣው ፀሐይ መሆኑ መች ጠፋኝ። ተይው ልጄ፤ አባትሽ በእጃቸው የሰፉት ነው።»

ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። ጆንያውን ተይው እንዳለችኝ ቀን የወደድኳት ጊዜ የለም።

አባቴ እስከ ዛሬ ጆንያው ባረጀ ቁጥር ሌላ ሰፍቶ ይቀይራል። ልጠይቀው ስሄድ መጀመሪያ የሚወስደኝ ወደዚያ ነው። አረንጓዴውን ቅጠል በመዳፉ ይዞ፣

«ይኸው፣ እንደወደደችው አለ» ይለኛል።

«አዎ አባዬ» እለዋለሁ፣ «እንደወደደችው አለ።»