ግመላችን ፋሺስት የነበረበት ዘመን

ከመተማ የወጣ ሰው ሁሉ ስደቱን ሲያወራ ከሌሊት ነው የሚጀምረው። ጨለማ አለ፣ ጅብ አለ፣ ከፊት የሚመራ ደላላ አለ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ድስት ተሸክሜ ነው። ሌሊት ጥበቃው ሁሉ ነቅቶ ይዞራል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን፣ የቆላውን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ መንግሥትም ቢሆን ጥላ ፈልጎ ይጋደማል።

ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር። እኔ ሳሉግ ለምንላቸው የቀን ሠራተኞች ምግብ አብሳይ ነበርኩ፤ በየቀኑ ምሳቸውን ተሸክሜ ኬላውን አልፌ ማሳ ድረስ እወስዳለሁ። ያን ቀንም እንደ ልማዴ አለፍኩ። ጠባቂው ከዛፉ ሥር ሳይነሣ፣

«እማማ እንጉዳይ፣ ዛሬ ምን ሠሩ?» አለኝ።

«ሽሮ።»

«ትናንትም ሽሮ!»

«አብዮቱ በግ ሲያመጣልኝ በግ እሠራለሁ።»

ሳቀና ዐይኑን ጨፈነ። ሳሉጎቹን አበላኋቸው፤ ጎጃሜውም ወሎዬውም ርቦታል፣ ሳላበላ ብሄድ እርግማናቸው ሱዳን ድረስ ይከተለኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ባዶ ድስቴን ይዤ፣ እንጨት የምለቅም መስዬ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረድኩ፤ በወዲያኛው ዳር ወጣሁ፤ የሱዳኗ ገላባት ገባሁ። መሄዱ ይኸው ነበር፣ ጎረቤት ጨው ለመበደር እንደመሄድ። የከበደኝ መቆየቱ ነው።

ለምን እንደወጣሁ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። የጠየቀኝ ካለ «ፖለቲካ ነው» እላለሁ፣ ያከብሩኛል። እውነቱ ግን ስብሰባ ላይ ሰው አስቄ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግራዝማች ሽባባው ነበሩ። አንቱ የምላቸው አክብሬያቸው አይደለም፣ እናቴ ስላሳደገችኝ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጣሊያኖች ለአገሬው ሰው ያቋቋሙትን የፋሺስት ፓርቲ በከተማችን የመሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሸሚዝ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ሲሰለፉ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ላባቸው ከሰልፉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እንግሊዝ ከገላባት በኩል መድፉን ማሰማት ሲጀምር ሸሚዙን አውልቀው ጫካ ገቡ፤ ጣሊያን ሲወጣ አርበኛ ሆነው ከጫካው ወጡ። አርበኝነቱ ሦስት ሳምንት አይሞላም፣ ግራዝማችነቱ ግን የዕድሜ ልክ ሆነ።

እና በስብሰባው ቀን፣ ግራዝማች ጓድ ሆነው፣ ስለ ኢምፔሪያሊዝም አስተምረውን ሲጨርሱ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ።

«ግራዝማች» አልኩ፣ «እጅዎ ተሳሳተ መሰለኝ። ያኔ የሚያነሡት ቀኙን ነበር፣ መዳፉም አይጨበጥም ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሎቹ እንባቸውን ጠረጉ። ግራዝማች አልሳቁም። ጸሐፊያቸው ስንወጣ በጆሮዬ «ነገ ማታ ይመጡብሻል» አለችኝ። ስለዚህ በማግስቱ ከምሳ ጋር ሄድኩ።

ቀልዴ ለምን እንዲህ መራራ ሆነ ለሚል ሰው የግመሉን ነገር ልንገረው።

አባቴ አድማሱ የሰሊጥ ዘይት ጨማቂ ነበር። መጭመቂያውን ዓይኑ ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ የሚያዞርለት ግመል ነበረው፤ ስሙ ጎሹ። አባቴ አንድ ጊዜ ለፓርቲው አዳራሽ የፋኖስ ዘይት አደረሰ፤ ጥፋቱ ይህቺው ናት። ሽባባው ለጣሊያኑ ሹም የአባላት ዝርዝር እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ የገባላቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ ደጃፋቸውን የረገጠውን ሁሉ ሳይጠይቁ ጻፉት። አባቴን ጻፉ። አሁንም ጎደለ። ከአባቴ ስም ሥር «ጎሹ አድማሱ» ብለው ግመሉን ጻፉ።

ጣሊያን ሲወጣ ዝርዝሩ ተገኘ። አባቴን ዳኞች ፊት አቆሙት።

«አንተስ መጣህ፣ ልጅህ ጎሹ የት ተደበቀ?»

«ጎሹ ግመሌ ነው፣ ጌቶቼ።»

በችሎቱ ላይ የተሳለቀ መሰላቸው። ለባንዳነቱ በፈረዱበት ላይ ለድፍረቱ ጨመሩበት። ከዳኞቹ አጠገብ ከተቀመጡት አርበኞች አንዱ ግራዝማች ሽባባው ነበሩ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው መሬት መሬት አዩ። አባቴ ከእስር ሲወጣ ሰው «የባንዳ ዘይት» ብሎ አልገዛውም። ጎሹን ሸጠ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሞተ። ወንድሜ ይግዛው ጎንደር ተማሪ ቤት ሲገባ በአጎታችን በታደሰ ስም ተመዘገበ፤ እስከ ዛሬ መምህር ይግዛው ታደሰ ነው። ልጆቹም ሲጠየቁ አያታችን ታደሰ ይላሉ። አድማሱ የሚለውን ስም ይዤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ሱዳኑ ልመለስ። ከገላባት አልፌ የተቀመጥኩበት ገዳሪፍ እንደኛው ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ያለ ፈቃድ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ይላል። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፣ የእኛን እንጀራ አንድ ወር አስጹመው ያከሱት ይመስላል፤ ዓይን የለውም፣ ብርሃን ያሳልፋል። ፉል የሚሉት ባቄላቸው ግን ግሩም ነው፣ ይህን ስል ሽሮ ይቅር ይበለኝ። ሰላምታቸው ደግሞ አያልቅም። ያከራየችኝ ሐጃ የቤት ኪራይ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሌሊቴ፣ ስለ ዘመዶቼ ጠይቃ እስክትጨርስ ራሷም የመጣችበትን ትረሳዋለች። ሁለት ወር ሳልከፍል እንዲያ ኖርኩ።

ክፉው ነገር ከሻ ነበር። ፖሊስ በድንገት ገበያውን ይከባል፣ መታወቂያ የሌለውን በመኪና ጭኖ ድንበር ያወርዳል። እኔን የሚያወርዱኝ ደግሞ ሽባባው እጅ ላይ ነው። መታወቂያው የሚሰጥበት ቢሮ ውስጥ ኢድሪስ የሚባል ጸሐፊ አለ፤ ልጅነቱን ገላባት ስላሳለፈ አማርኛ ይችላል።

«ኻላ» አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «ከአገርሽ የሚያውቅሽ ምስክር አምጪ።»

«የሚያውቁኝ እዚያ ነው ያሉት፣ የሸሸሁትም እነሱን ነው።»

«ከእነሱ አንዱን አምጪ።»

«የሚመሰክሩልኝ ቢሆኑ ለምን እሸሻለሁ?»

አሰበበትና «ቡክራ ነይ» አለኝ። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ የኢድሪስ ነገ ግን ስምንት ወር ፈጀ። በከሻ ቀን ከሐጃ አልጋ ሥር እገባለሁ፤ እሷ ከላይ ተቀምጣ ለፖሊሶቹ ሰላምታ ታበዛለች፣ እነሱም ሰልችተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሻይ ከምሸጥበት ጥላ ሥር ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። ግራዝማች ሽባባው ነበሩ! ለካስ ደርግም በስተመጨረሻ «ግራዝማች» የሚለውን ቃል አንብቦት ፊውዳል ብሏቸው እሳቸውም ሸሽተዋል።

«የአድማሱ ልጅ» አሉኝ፣ «እንኳን በደህና አገኘሁሽ።»

«ሻይ ይጠጣሉ ወይስ ያስሩኛል?»

«ያለፈው አለፈ፣ ልጄ። ምስክር አምጣ አሉኝ። እዚህ የመተማ ሰው ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልብ በሉልኝ። ሻዩን ቀድቼ ሰጠኋቸው። በዚህ ዓለም ላይ እኔን የሚያድኑኝ እሳቸው፣ እሳቸውንም የማድነው እኔ።

«እመሰክራለሁ» አልኩ። «እርስዎ ግን ስለ እኔ ሲጠየቁ ስለ አባቴ እውነቱን ይናገራሉ። ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው፣ በሙሉ።»

«ያን ካልኩ እኔን ምን ብለው ይመዘግቡኛል?»

«እሱን ከአርበኝነትዎ ጋር ይማከሩበት።»

ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ። ሦስት ቀን ጠፉ። በሦስተኛው ቀን ከሻ ወጣ፤ አልጋ ሥር ሆኜ የሰፈሩን ሰው ሩጫ ሰማሁ። ማግስቱን ግራዝማች ጀለቢያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ መጡ፤ አጥር ዘለው አምልጠዋል። «እንሂድ» አሉ።

ቢሮው ውስጥ ከኋላችን ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ሁሉም የእኛው አገር ሰው። ኢድሪስ ብዕሩን አነሣ።

«አባቷ ማነው?»

«አድማሱ፣ ዘይት ጨማቂ።»

«ደህና ሰው ነበር?»

ግራዝማች ዞረው አዩኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ደህና ሰው ነበር። ባንዳ ነው ተብሎ ታስሮ ነበር… ባንዳ አልነበረም። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም ነበር።»

«ምን ላይ ነው የጻፍከው?»

«የፋሺስት ፓርቲ ዝርዝር ላይ። ኃላፊው… እኔ ነበርኩ።»

«ሌላስ?» አልኩ ከጎን።

«በቃ፣ ልጄ።»

«ሌላስ?»

«ግመሉንም» አሉ ቀስ ብለው። «ግመሉንም ጽፌዋለሁ።»

ከሰልፉ አንዱ ከኋላ «ግመሉ መዋጮ ይከፍል ነበር?» ብሎ ጮኸ፤ ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ኢድሪስ ራሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አባቴን የገደለው ነገር ሰው ሆዱን ይዞ የሚስቅበት ጨዋታ ሆነ። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት የወጣው ግን የራሴ ሳቅ ነበር፤ አባቴ «ጎሹ ግመሌ ነው፣ ጌቶቼ» ሲል ያኔ ይህን ሳቅ ነበር የፈለገው፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ቢስቅለት ነፃ ይወጣ ነበር። ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ግራዝማች ብቻ መሬት መሬት ያያሉ።

ኢድሪስ ዓይኑን ጠርጎ «ፎርሙ ለጣሊያንም ለግመልም ቦታ የለውም» አለና «አባት፦ ዘይት ጨማቂ» ብሎ በዓረብኛ ጻፈ። መታወቂያዬን አገኘሁ። ለግራዝማች ስመሰክር «የአገሬ ሰው ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ» አልኩ። ውሸት የለበትም፤ በደንብ ነው የማውቃቸው።

የቀረኝ ይግዛው ነበር። ካርቱም ወርጄ ሥራ ካገኘሁ በኋላ፣ በነጋዴ እጅ ጎንደር ቴሌ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ተገኝ ብዬ ላክሁበት። ለስልከኛው የምፈልገውን ሰው ስም ስነግረው ይግዛው አድማሱ አልኩት፣ ታደሰ አላልኩም። መስመሩ በሮም በኩል እንደሚዞር ነገረኝ። ጣሊያን አሁንም መካከላችን ገባ ብዬ ተናደድኩ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ «ሃሎ» የሚል ድምፅ መጣ። ያረጀ ድምፅ ነው፣ ወንድሜ ነው።

«ጤና ናችሁ?» አልኩ። የሚሰማን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጤና ነን። አንቺስ?»

«ሽማግሌው አመኑ። በገዛ እጃቸው እንደጻፉት፣ አባባ እንዳላወቀ። በሰው ፊት ነው ያሉት።»

«በማን ፊት?» አለ።

«በሱዳን ጸሐፊ ፊት። በስደተኛ ፊት።»

«እዚህ ማን ሰማ?»

«አንተ።»

የስልኩ ደቂቃ ይቆጥራል።

«ሲጠሩኝ» አለ፣ «ይግዛው አድማሱ ብለው ሲጠሩ ቴሌው ሞልቶ ነበር። የማስተምራቸው ልጆች አባቶች አሉ። ሁለት ጊዜ ጠሩ፣ አልተነሣሁም።»

«በሦስተኛውስ?»

«ይኸው እያወራሁሽ አይደል።»

«ልጆችህስ አያታቸውን ማን ብለው ይጠሩ?» አልኩት። ስልከኛው «ጊዜሽ አልቋል» አለና ቆረጠው።

መልስ ሲሰጠኝ ይሁን ዝም ሲል አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ነጋዴ በመጣ ቁጥር የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት አይተህ ከሆነ፣ ሦስተኛው ስም ምን ይላል እያልኩ እጠይቃለሁ። እስካሁን ያየ አላገኘሁም።