የሳሙኤል መርዶ በሶፊያ

ከአገሬ የወጣሁት በዘመነ ደርግ ነው፤ ማምሻውን፣ ከቦሌ። ሥነ ልቦና እንድማር ነጻ የትምህርት ዕድል ደርሶኝ ወደ ቡልጋሪያ ልሄድ። የሃያ ሁለት ሰፈር ዘመድ ወዳጅ ሊሸኘኝ ወጥቶ፣ እኔን ከማቀፍ ይልቅ ሻንጣዬ ውስጥ ቋንጣና በሶ ለመጠቅጠቅ ይሻማል። በዚያው አውሮፕላን ሳሙኤል የሚባል የላምበረት ልጅ ይሄድ ነበር። እናቱ እማማ የሺ ጨርሶ ሳያውቁኝ እጄን ያዙና "ገና ልጅ ነው፤ እንደ ታናሽ ወንድምሽ እዪልኝ" አሉኝ።

ዋና ከተማዋ ሶፊያ፣ እውነቱን ልናገር፣ በደህና ተቀበለችን። ብርዱ አይጣል ነው፤ እርጎዋ ግን የአገር ቤቱን ያስንቃል! ቹሽኪ የሚሉት ቃሪያቸውማ መልኩ ብቻ ነው፣ አያቃጥል ምን አያደርግ፤ እየበላን እንስቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ የሳሙኤል አባት ማረፋቸውን ነገረን። ለሁላችንም እንጂ ለእሱ አይደለም! "ፈተናው ይለፍ" ተባለ። እሱ ሲገባ ወሬ እናቋርጣለን፣ ዓይናችንን እንሰብራለን። ልጁ ምን አጠፋሁ እያለ እህል ተወ፣ እንቅልፍ አጣ። የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች የአእምሮ ሕመም ነው፣ ወደ አገሩ ይመለስ አሉ። ከተመለሰ ትምህርቱ አበቃለት ማለት ነው።

አንጀቴ አልችል ሲል ለመምህሬ፣ ለፕሮፌሰሯ፣ ነገርኳት።

"ዛሬውኑ ቢሮዬ ጥሪውና ንገሪው" አለችኝ።

"በስመ አብ! መርዶ በቢሮ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ወዳጅ ከግራ ከቀኝ ደግፎት ነው።"

"እንግዲያው እኔም እመጣለሁ" አለች።

በማግስቱ ንጋት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ እሷም ጥቁር ሻርፗን አድርጋ፣ ክፍሉ ገባን። ገና ሲያየን "አባቴ ነው፣ አይደል?" አለ።

"አዎ ወንድሜ፣ አባባ አርፈዋል" አልኩት። ጮኸ፤ አብረነው ጮኽን። የማደሪያው ጠባቂ፣ አንዲት ባልቴት፣ በሩን በርግዳ ገባች።

"ማን ሞተ?"

"የዚህ ልጅ አባት።"

"የት?"

"አዲስ አበባ።"

"ታዲያ እዚያው አይለቀስም?"

"እዚያ ተለቅሷል፤ ይሄ የኛ ድርሻ ነው" አልኳት በንዴት። ራሷን እየነቀነቀች ወጣች። ስትመለስ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይዛልን መጣች፤ ነፍሷን ይማረው።

በዚያው ሳምንት ሳሙኤል እህል ቀመሰ፤ ሐኪሞቹም የመመለሱን ነገር ተዉት። ፕሮፌሰሯ ያየችውን ራሴ ለክፍሉ ተማሪዎች እንዳስረዳ አደረገች። የማስተማር ሥራዬ በዚያ ጀመረ፤ ይኸው ወጣቶችን የሚያማክሩ ባለሙያዎችን እያሠለጠንኩ እዚሁ አረጀሁ። እግዜር ይስጣት፣ እንጀራዬን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ያኔ ለእማማ የሺ የደወልኩ ዕለት ነው። ስልክ ወዳለው ጎረቤት ቤት ተጠርተው እያለከለኩ መጡ።

"አለቀሰ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ፣ ወጣለት።"

"ብቻውን?"

"ኧረ ክፍሉ በሰው ሞልቶ ነበር።"

"ተመስገን! እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንቺስ ልጄ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ እዚያ ማን አለሽ?" አሉኝ።

"ሰው አለኝ፣ እማማ" አልኳቸው። ስልኩን እንደዘጋሁ ለእናቴ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ።